የዳክዬ ጫጩት እግሯ ሲከፈትባት፦ የጎረቤት ምክርና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ዶሮ በየግቢው አለ፣ ዳክዬ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ስለ ዳክዬ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ከዶሮ የተቀዳ ነው። እኔም የዳክዬ እንቁላል በዶሮ አሳቅፌ፣ የዶሮው 21 ቀን አልፎ እስከ 28ኛው ቀን ጠበቅሁ። ከተፈለፈሉት አንዷ መቆም ሲያቅታት ያልመከረኝ ጎረቤት አልነበረም።

«አትድንም፣ ለድመት ስጫት።»

ይህን የሰማሁት ገና ጸጉሯ ሳይደርቅ ነው። ጫጩት ከእንቁላል እንደወጣች ብትንገዳገድ አይገርምም። ሆዷ ውስጥ የገባው አስኳል አንድ ሁለት ቀን ያቆያታል፤ ደርቃና አርፋ እስክትቆም አንድ ቀን ስጧት። ከዚያም በኋላ እግሮቿ ግራና ቀኝ ከተከፈቱ፣ አጥንቷ ገና ለጋ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተደረሰላት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ቀጭን ፕላስተር ትወስዳላችሁ፤ ከቁርጭምጭሚቷ በታች ሁለቱን እግር ጠምጥማችሁ፣ በደህና ጊዜ በምትቆምበት ስፋት ታያይዛላችሁ። ከጠበቀ ደም ያግዳል፣ ከሰፋ ዋጋ የለውም። በየቀኑ ፈትታችሁ እዩት፣ ቶሎ ስለምታድግ። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እግሯ ታስሮ ሳለ የውሃ ዕቃዋ ጥልቀት እንዳይኖረው፤ ከወደቀች መነሳት አትችልም። (እናቴ «ምን አጥፍታ አሰርሻት?» ብላ ስቃብኛለች።)

«ዓይን ነው።»

ወለሉ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ጋዜጣ አንጥፌ ነበር፤ እሱ ላይ ለጋ እግር ይንሸራተታል። ጋዜጣውን አንስቼ ጆንያ አነጠፍኩ።

«ቴትራሳይክሊን ከፍተሽ በውሃዋ በጥብጪላት፤ መኖ እንደሆነ የዶሮው ይበቃታል።»

የተከፈተ እግር በጀርም የመጣ አይደለምና መድኃኒቱ አያቀናውም። ትልቁ ስህተት ግን መኖው ላይ ነው። የዳክዬ ጫጩት ናያሲን የተባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት ወደ እጥፍ ትፈልጋለች፤ በአንድ ኪሎ መኖ 55 ሚሊግራም ያህል። ዶሮ ከፕሮቲን የተወሰነውን ራሷ ትሠራለች፣ ዳክዬ በዚህ ደካማ ናት። ሲጎድላት ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ እግሯ ይቆለመማል፣ መራመድ ትታ ቁጭ ትላለች፤ ይህን ፕላስተር አያድነውም። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ናያሲን ያለበት የቢ ቫይታሚን ዱቄት ገዝታችሁ በውሃዋ ስጧት፣ ወይም የደረቀ የቢራ እርሾ መኖዋ ላይ ነስንሱ።

«እርሾ ከሆነ አተላ አለ» ያለችኝም አልጠፋችም። የጠላ አተላ አልኮል አለው፣ ቶሎም ይሻግታል፤ የዳክዬ ጫጩት ደግሞ ለሻጋታ መርዝ ከቤት እንስሳት ሁሉ በጣም ስስ ከሆኑት አንዷ ናት። የሻገተ በቆሎም ፋጉሎም እንዳይደርስባት።

«ዳክዬ አይደለችም? ውሃ ውስጥ ክተቻት፣ እግሯ ይፍታታ።»

ግማሹ እውነት ነው። ውሃ ክብደቷን ስለሚሸከምላት እግሯን ትሠራበታለች። ነገር ግን ጸጉሯን ከውሃ የሚከላከለው ቅባት በመጀመሪያ ከእናቷ ነው የሚደርሳት፤ ያቀፈቻት ዶሮ ስትሆን ያ የለም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የረጠበች ጫጩት በብርዱ ትሞታለች። ለብ ያለ ውሃ፣ ደረቷን በእጅ ደግፎ ሦስት አራት ደቂቃ፣ ከዚያ አድርቆ ወደ ሙቀቷ። በመጀመሪያው ሳምንት ያረፈችበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው።

«እግሯን ይዘሽ አንሻት።»

ከቅዳሜ ገበያ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥለን ስለምንመለስ ይመስለኛል። የዳክዬ እግር ይህን አይችልም፤ ከሆዷ በታች በመዳፍ ነው የምትነሳው።

አንድ ነገር ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩ። አንድ እግሯ ብቻ ወደ ጎን ተጣምሞ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ ያለው ጅማት ከቦታው ተንሸራቶ ከተሰማችሁ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ስትወስዷት ካርቶኑ ላይ ጆንያውን አትርሱ።