መሪ ሲመጣ አዳራሽ መግባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» በሚል መሪ ቃል ከሐምሌ 21 እስከ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሎስ አንጀለስና በሚኒያፖሊስ ለኢትዮጵያውያንና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ንግግር ባደረጉበት ሰሞን፣ ብዙዎቻችንን ያከራከረን መሄድ አለመሄዱ ነበር። ያኔ ቡና ላይ ይባሉ የነበሩት ነገሮች ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚነሡ፣ ዋና ዋናዎቹን ላንሣ።

«አዳራሽ የገባ ሁሉ ደጋፊ ነው» የሚለው የመጀመሪያው ነው። በዚያው ሳምንት በአገር ቤትና በስደት ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሲኖዶሶች ዋሽንግተን ላይ ታርቀው ነበር። ወደ አዳራሹ ለመግባት በያዝነው ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆሙ፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ አንዲት እናት «እኔ የመጣሁት ለአባቶች ዕርቅ ነው፤ ፖለቲካውን እናንተው ታውቃላችሁ ልጄ» አሉኝ። እኚህን እናት ደጋፊም ተቃዋሚም ብሎ መመዝገብ ያስቸግራል።

ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ግን የጥገኝነት ጉዳይ ነው፤ «ከሄድክ ኬዝህ ይዘጋል» ይባላል። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ከለላ ሊቀር ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የሚጠቅሰው፣ ሰውየው በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ መመለሱን ነው። ፓስፖርት ማሳደስ በዚህ ረገድ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ በኪራይ አዳራሽ ተቀምጦ ንግግር ማዳመጥ ግን በራሱ ጥበቃ መጠየቅ አይደለም። ሆኖም «ያሳድደኛል» ካሉት መንግሥት ሹም ጋር ተቃቅፎ የተነሡት ፎቶ በቃለ መጠይቅ ላይ ማብራሪያ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው አስቀድሞ ጠበቃውን ቢያማክር ይሻለዋል።

ስለ ዜግነት ከመድረክ የተነገረ ተስፋ ሕግ የሚመስላቸውም አሉ። አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም ያለ ቪዛ ያስገባል እንጂ አያስመርጥም። ይህን የሚለውጠው በምክር ቤት ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ የሚታተም ሕግ ብቻ ነውና፣ የአዳራሹ ጭብጨባ ምንም ያህል ቢደምቅ አንድ አንቀጽ አያሻሽልም።

«ጥበቃው የኤምባሲው ነው» የሚለው አሜሪካ ውስጥ አይሠራም። ጎብኚ ርዕሰ ብሔርንና የመንግሥት መሪን የመጠበቅ ኃላፊነት በአሜሪካ ሕግ የአገሪቱ የመሪዎች ጥበቃ ተቋም የሆነው የሴክሬት ሰርቪስ ነው።

ተቃውሞን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች አሉ። ደጅ መቆም ወንጀል የሚመስለው አለ፤ የዋሽንግተን ሕግ ግን የእግረኛ መንገድ ሳይዘጉ ለሚቆሙ ሰልፈኞች ፈቃድ አይጠይቅም። በሌላ በኩል «መብቴ ነው» ብሎ አዳራሽ ውስጥ የሚጮኽ ሰው፣ አዘጋጁ ሊያስወጣው እንደሚችል ይዘነጋል። የዋሽንግተኑን ልማድ ሪያድ ላይ መድገም ደግሞ ከባድ አደጋ አለው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሰላማዊ ሰልፍ ክልክል ነው። ጎብኚው መሪ ራሱም ቢሆን በፈለገው አገር ሁሉ፣ በፈለገው ጊዜ የመናገር መብት የለውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ስታዲየም ውስጥ የተናገሩባት ጀርመን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ያሉ አገሮች ባለሥልጣናት በአገራቸው ምርጫ ሊካሄድ ሦስት ወር ሲቀረው በግዛቷ እንዳይቀሰቅሱ ከልክላለች።