«የኮኬይን ሱስ የሚነቅል ፓች» አለ ለምትሉኝ

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሰሞኑን ሰው ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ያሳየኛል። አሜሪካ ውስጥ ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ የኮኬይን ሱስን የሚነቅል ፓች ወጥቷል ይላል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የሚፈልጉት ለጫት ወይም ትራማዶል ለሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሱስ ነው፤ «ለኮኬይን ከሆነ ለዚህማ ምን ይሳነዋል» ብለው። የለም ስላቸው የደበቅኩባቸው ይመስላቸዋል። ሰልችቶኛል።

«ተፈትኖ አድኗል» የሚለው ነው በጣም የሚያበግነኝ። መፈተኑ እውነት ነው። መድኃኒቱ ሴሌጂሊን ይባላል፤ ኪኒኑ ለፓርኪንሰን በሽታ ድሮም ይታዘዝ ነበር። ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። ኮኬይን ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ ሰውየው ሲያቆም ድብርቱና ሐራራው ይጥለዋል። ሴሌጂሊን ዶፓሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ጉድለቱን ይሞላ ይሆናል ተባለ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ የኮኬይን ሱስ ያለባቸው 300 ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንዱ ወገን እውነተኛውን ፓች፣ ሌላው መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን፣ ለ8 ሳምንት ለጠፉ። ማን የቱን እንደለጠፈ ሰዎቹም ሐኪሞቹም አያውቁም። ሁለቱም ወገኖች የምክር አገልግሎት ያገኙ ነበር። «ትቻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ሽንት ይመረመራል። ውጤቱ በፈረንጆቹ 2006 ታተመ፦ መድኃኒት ያለበት ፓች ከባዶው አልተሻለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግራ የሚያጋባው በዚያው ዓመት ይኸው ፓች እዚያው አሜሪካ መፈቀዱ ይመስለኛል። የተፈቀደው ግን ለድብርት ነው። ለኮኬይን ሱስ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እስካሁን ምንም መድኃኒት አላጸደቀም፤ ፓችም፣ ኪኒንም፣ መርፌም።

«የኒኮቲን ፓችስ?» እሱ ለሲጋራ ነው።

«ቆዳ ላይ ስለሆነ አይጎዳም።» ይሄ አባባል ሰው ይገድላል። ከፓች የሚወጣው መድኃኒት በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ እንደ ኪኒን መጀመሪያ በጉበት ስለማያልፍ ትንሹም ብዙ ይሠራል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሹራቡን ሲያወልቅ ሁለቱም ክንዶቹ ላይ የወገብ ሕመም ፕላስተር ተለጥፏል፣ ያ የሚያቃጥለው ዓይነት። ስናነሳው ቆዳው በፕላስተሩ ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀልቷል። አንድ ሰው «የአሜሪካው ነው» ብሎ በውድ ሸጦላቸው ነው። «እማማ፣ ይሄ የወገብ ነው» ስላቸው «እንግዲያው እውነተኛውን ፈልገህ አምጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጁ የሚወስደው ትራማዶል ነው! ሴሌጂሊንና ትራማዶል አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውነት ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነገር ይመጣል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ያታለላቸው ሰው እውነተኛውን አግኝቶ ቢሸጥላቸው ኖሮ የባሰ ነበር።

«ፓቹ ካልሠራ ሱስ አይድንም ማለት ነው።» አይደለም። ለኮኬይን እስካሁን የተሻለ ውጤት ያሳየው ምክርና ክትትል ነው፤ በተለይ ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ለተገኘ ሰው ትንሽ ሽልማት የሚሰጥበት ዘዴ። ሰው ይሄን ስነግረው አይጥመውም፣ የሚለጠፍ ነገር ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ብራችሁን አታባክኑ። ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ አልከለክልም፤ ግን አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ልጁን አሳዩት። ትራማዶል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ያለ ሐኪም በአንድ ቀን አያቁም፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። የሚወስደውን ሁሉ፣ ያፈራችሁበትንም ጭምር፣ ወረቀት ላይ ጻፉና ለሐኪሙ ስጡት። ባዶ ማሸጊያ ካገኛችሁም እሱንም ይዛችሁ ሂዱ።