ሲኤምኤስ 4 እና ስቴጅ 4 አንድ አይደሉም

የአንጀት ካንሰር ጥናት ላይ ሲኤምኤስ 4 (CMS፣ የእጢ ምድብ መጠሪያ ነው) የሚል ያየ ሰው እንደ ስቴጅ 4 ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት እየመሰለው ይደነግጣል፣ እባካችሁ እንደዛ አይደለም። ስቴጅ ካንሰሩ የት ድረስ እንደደረሰ ነው የሚነግረን፣ ሲኤምኤስ ግን እጢው ውስጥ የትኞቹ ጂኖች በብዛት እየሰሩ እንደሆነ፣ ማለትም ከየጂኑ ምን ያህል አርኤንኤ (የጂኑ ቅጂ) እየተቀዳ እንደሆነ ተለክቶ የሚሰጥ ምድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ተስማምተው የአንጀት ካንሰርን ለ4 ከፈሉት፣ 1ኛው የበሽታ መከላከያ ሴሎች የበዙበት ነው፣ ትልቁ 2ኛው ሲሆን ከእጢዎቹ 37 በመቶ ይይዛል፣ 13 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ከአራቱም አልገጠመም። 4ኛው በካንሰሩ ዙሪያ ያለው ደጋፊ ቲሹ የበዛበት ነው፣ ከበድ የሚለውም እሱ ነው፣ ግን ስቴጅ 2 ላይ ያለ ሰውም ሲኤምኤስ 4 ሊባል ይችላል፣ ቁጥሩ የምድብ ስም ነው እንጂ ደረጃ አይደለም።