ሪኳየርመንት አናሊሲስ ምንድን ነው? በሰርግ ዕቃ ኪራይ ቤት ምሳሌ

አንዲት የሰርግ ዕቃ አከራይ ሶፍትዌር ለማሠራት ስትመጣ ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ደብተሩን የሚተካልኝ ነገር ሥሩልኝ።» ፕሮግራመሩ ይህን ሰምቶ በዚያው ማታ ኮድ መጻፍ ከጀመረ ነገሩ ከመነሻው ተበላሸ። ደብተሩ ላይ ያለው የሥራው ግማሽ ነው። የቀረው በራሷ በቤቱ ባለቤት፣ በመጋዘን ሠራተኛውና በሾፌሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሪኳየርመንት አናሊሲስ (የፍላጎት ትንተና) የሚባለው ያንን የቀረውን ጠይቆ፣ ሥራ ቦታ ሄዶ አይቶ፣ አመሳክሮ ማውጣት ነው። ሞዴሊንግ ደግሞ የተገኘውን በሥዕል አስቀምጦ የጎደለውን መፈለግ። አንዱ አልቆ ሌላው አይጀመርም። ይጠየቃል፣ ይሳላል፣ ሥዕሉ አዲስ ጥያቄ ያመጣል፣ ተመልሶ ይጠየቃል።

በወንበር ምሳሌ እንየው። ቤቱ 500 ወንበር አለው እንበል። ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ለሚደረግ ሰርግ 300 ተይዟል። ሌላ ሰው ይደውልና «እሁድ ጥር 17 ለሚሆን ሰርግ 250 ወንበር ይኖራችኋል?» ይላል። ቀን በቀን ብቻ የሚቆጥር ሶፍትዌር እሁድ ላይ ምንም የተያዘ ስለማያገኝ «500 አለ» ብሎ ይመልሳል። ባለቤቷ ግን ደብተር ሳትገልጥ «የለኝም» ትላለች። የቅዳሜው ወንበር በሌሊት አይሰበሰብም። እሁድ ደግሞ አይሱዙውም ጫኝና አውራጁም ሌላ ሰርግ ላይ ናቸው። ወንበሩ የሚመለሰው ሰኞ ነው። እሁድ በእጇ ያለው 200 ብቻ ነው፤ 50 ይጎድላታል። ይህን ሕግ የትም አልጻፈችውም። ለምን ትጽፈዋለች? ታውቀዋለቻ።

የኪራይ ሲስተም ከሽያጭ ሲስተም የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የተሸጠ ዕቃ ከመዝገብ ይቀነሳል፣ አለቀ። የተከራየ ዕቃ ይመለሳል፤ ስለዚህ «ስንት አለ?» የሚለው ጥያቄ «ከመቼ እስከ መቼ?» ካልተባለ መልስ የለውም። በእኔ እምነት የሱቅ ሶፍትዌርን ትንሽ ነካክቶ «ለኪራይም ይሆናል» ብሎ መሸጥ ደንበኛን መጉዳት ነው።

አጠያየቁም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ምን ምን ፊቸር ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ሰው የሚመልሰው ሌላ ቦታ ያየውን አፕ ነው። የተሻለው ስለ አንድ ክስተት መጠየቅ ነው።

«ሳህን ተሰብሮ ሲመለስ ምን ያደርጋሉ?»

«አስከፍላለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«አይ ልጄ፣ እንደ ሰዉ ነው እንጂ።»

ወርቅ መልስ ነው። «የተሰበረ ይከፈላል» ብሎ የጻፈ ሰው ግማሽ ሕግ ጻፈ። ቀጥሎ ሲጠየቅ ለድሮ ደንበኛ ምሕረት እንደሚደረግ፣ ምሕረቱን የምትሰጠው እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ጸሐፊዋ ግን እንደማትችል ይወጣል። ሪኳየርመንቱ እንግዲህ ይህን ይመስላል፤ ሲስተሙ የጉዳት ሂሳብ ያሰላል፣ ባለቤቷ በራሷ ፓስወርድ ልትቀንሰው ወይም ልትሰርዘው ትችላለች፣ ማን እንደቀነሰና ለምን እንደሆነ ይመዘገባል። ይህ ካልተካተተ ሠራተኛው ሲስተሙን ለማለፍ ያልተሰበረ ብሎ መሙላት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሳህኑ ቁጥር መቼም አይታመንም።

ወደ ሥዕሎቹ እንለፍ። የሚታወቁት ሦስት አራት ናቸው። ዩዝ ኬዝ ማን ምን ይሠራል የሚለውን ያሳያል፤ ጸሐፊዋ ትይዛለች፣ መጋዘኑ ያወጣል፣ ሾፌሩ ያስረክባል። ከመረጃ አንጻር ደግሞ ፒተር ቼን እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ያቀረበው ኢአር (ኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ) ሞዴል አለ፤ ምን ምን ነገር እንደሚመዘገብና እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኝ በሳጥንና በመስመር ይሳልበታል። እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ይመጣል። ወንበር በብዛት ይቆጠራል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ድንኳን ግን አንድ በአንድ ነው፤ ጣራው የሚያፈሰው የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ሳጥን የሳለ ሰው ክረምት ሲገባ ይቸገራል።

ለኪራይ ሥራ የማደላው ግን ለስቴት ዲያግራም ነው። አንድ ኪራይ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በክብና በቀስት ያሳያል፤ ተያዘ፣ ቀብድ ተከፈለ፣ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ተዘጋ። በወሬ ሲሰሙት ምንም አይጎድለውም። ወረቀት ላይ ሲሳል ግን 300 ወንበር ወጥቶ 290 ሲመለስ ምን ይሆናል? ደንበኛው «አሥሩ ጎረቤት ቤት ቀርቷል፣ ነገ አመጣለሁ» ብሏል። ኪራዩ «ተመለሰ» ላይ ነው እንዳይባል አሥር ይጎድላል። «ወጣ» ላይ ነው እንዳይባል 290ው ለሌላ ሰው መሰጠት አለበት። መያዣውስ ዛሬ ይመለስለታል? «በከፊል ተመለሰ» የሚባል ክብ የግድ ሊጨመር ነው። ቀብድ ሳይከፍል የያዘ ሰውም አለ። ስንት ቀን ይጠበቃል? ባለቤቷ «ሦስት ቀን» ልትል ትችላለች፤ ጸሐፊዋ «እስኪደውል» ትላለች። ሁለቱን ማስታረቅ የአናሊስቱ ሥራ ነው። ፕሮግራመሩ ብቻውን መወሰን የለበትም።

ከውጭ የመጣ ዝግጁ ሶፍትዌር የማይነግረን የአገር ነገርም አለ። ደንበኛው «ጥር 17፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይድረስልኝ» ነው የሚለው። ሲስተሙ 2 ሰዓትን እንደ ፈረንጅ ከወሰደው ድንኳኑ በሌሊት ሊላክ ነው። ጳጉሜንን የማያውቅ ካሌንደር ደግሞ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ግራ ያጋባል። ለቅሶም አለ። ዕድር የሌለው ወይም የዕድሩ ወንበር ያልበቃው ቤተሰብ በዚያው ቀን ነው የሚመጣው። «ከሁለት ቀን በፊት ካልተያዘ አይቻልም» የሚል ሕግ በኮድ ከታሰረ ጸሐፊዋ ለቅሶ የደረሰበትን ሰው ልትመልስ ነው።

«ፈጣን ይሁን» እና «ቀላል ይሁን» የሚሉት ደግሞ የማይለካ ምኞት ናቸው፤ ይተርጎሙ። ደንበኛው ስልክ ላይ እየጠበቀ ስለሆነ ያልተያዘው ዕቃ ብዛት በ3 ሰከንድ ውስጥ ይታይ። መጋዘን ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ የወጣው ዕቃ ስልኩ ላይ ይመዝገብና ኋላ ይላክ። እንዲህ ሲባል ሠርቷል ወይም አልሠራም ማለት ይቻላል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ኮድ ሳይጻፍ አንድ ፈተና ይቀራል። ካለፈው ጥር ደብተር ላይ አሥር መስመር ይመረጣል። ንጹሖቹ አይደሉም፤ የተሰረዙት፣ የተደለዙት፣ በቀይ እስክርቢቶ የተከበቡት። «ለእሁድ ተይዞ ለሰኞ ተዛወረ፣ 40 ሳህን ተጨመረ፣ ቀብዱ ለወንድሙ ኪራይ ይታሰብ» የሚል መስመር በሥዕሉ ላይ በጣት እየተከተሉ ማስኬድ ነው። ቀብድን ከአንድ ኪራይ ወደ ሌላ የሚያሻግር ቀስት ከሌለ፣ ኮዱ ይቆይና ባለቤቷ ጋ ይደወል።