ራእየ ዮሐንስ በምእመናን የዕለት ተዕለት ሕይወት

ራእየ ዮሐንስ በሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ተራ የመጨረሻው ሲሆን 22 ምዕራፎች አሉት። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቡቀለምሲስ ተብሎም ይጠራል። ጸሐፊው ወንጌላዊው ዮሐንስ ነው፤ በ3ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ቢጠራጠርም ትውፊታችን በዚሁ ጸንቷል። የተጻፈበትን ጊዜ የ2ኛው መቶ ዘመን አባት ሄሬኔዎስ በሮማዊው ንጉሥ በድምጥያኖስ ንግሥና ማብቂያ፣ በ95 እ.ኤ.አ. ገደማ ያደርገዋል፤ በኔሮን ዘመን ነው የሚሉም አሉ።

ብዙ ሰው መጽሐፉን ይፈራዋል። የተላከው ግን በትንሿ እስያ ለነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ማጽናኛና ተግሣጽ ሆኖ ነው። በምዕራፍ 2 እና 3 ያሉት መልእክቶች ተመሳሳይ አካሄድ አላቸው፦ መጀመሪያ የክርስቶስ መጠሪያ ይመጣል፣ «አውቃለሁ» የሚለው ቃል ይከተላል፣ ከዚያ ምስጋና ወይም ወቀሳ፣ በመጨረሻም ድል ለነሣው የተገባ ተስፋ። ሰምርኔስና ፊልድልፍያ ወቀሳ የለባቸውም፤ ሎዶቅያ ደግሞ ምስጋና የላትም። ይህች ከተማ በ60 እ.ኤ.አ. በምድር መንቀጥቀጥ ፈርሳ ያለ ሮም እርዳታ በራሷ ገንዘብ እንደ ገና ተሠርታለች፤ «ባለ ጠጋ ነኝ፣ አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም» ባይነቷ ከዚህ ጋር ሲነበብ ይበልጥ ይገባል። ጸሎቱ ለቀዘቀዘበት ሰው በቅርብ የሚገኘው ምክር ለኤፌሶን የተጻፈው ነው (2፥5)። ሦስት ነገር ያዝዛል፦ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብ፣ ንስሐ ግባ፣ የቀደመውን ሥራህን አድርግ። ሦስተኛው ሲዘለል ንስሐው ጸጸት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የመጽሐፉን የአማርኛ አንድምታ፣ ማለትም ትውፊታዊ ትርጓሜውን፣ ተመራማሪው ሮጀር ካውሊ በ1983 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ጥናት አሳትሞታል። በመጽሐፍ ቤት (የትርጓሜ ትምህርት በሚሰጥበት ጉባኤ) መምህሩ የግእዙን ንባብ ይፈታና «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይጨምራል፤ ፍቾቹ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ተማሪው በአንዱ ላይ ዓመት ቆጥሮ አይጣበቅም።

ምእመኑ መጽሐፉን ከሁሉ በፊት የሚያገኘው በቅዳሴ ነው። በምዕራፍ 4 የሚዘመረው «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» በቤተ መቅደስ ይሰማል፤ ከቅዱሳን ጸሎት ጋር የሚወጣው ዕጣን (8፥3-4) በካህኑ ጽና ይታያል። ኅዳር 8 አርባዕቱ እንስሳ፣ ኅዳር 24 ደግሞ ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ይታሰባሉ። ለሐዘንተኛ 14፥13 እና 21፥4 ይነበባሉ።

ለብቻው የሚያነብ ሰው ከምዕራፍ 1 እስከ 5 አንብቦ 21 እና 22ን ቢያስከትል ይሻለዋል፤ ማኅተሞቹና መለከቶቹ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ። ሰው የሚሰናከለው ከምዕራፍ 13 ሲጀምር ነው። የአውሬውን ቁጥር 666ን በዘመኑ ሰዎች ስም ላይ ሲደምር፣ «የቅዱሳን ትዕግሥትና እምነት» የሚለውን 13፥10ን ያልፈዋል። በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች ቁጥሩ 616 መሆኑንም ብዙዎች አያውቁም። የስምንተኛው ሺህ ፍርሃትም ቢሆን ከዚህ መጽሐፍ አልተቀዳም፤ በባሕረ ሐሳብ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ከዓመተ ምሕረት ጋር ስንደምር 2000 ዓ.ም. 7500 ዓመተ ዓለም ነበር፤ 8000 የሚሞላው በ2500 ዓ.ም. ነው።