የድርጅት ነገረ ፈጅ ምንድን ነው?

ነገረ ፈጅ በአንድ ድርጅት ተቀጥሮ፣ በወር ደመወዝ የዚያኑ ድርጅት የሕግ ጉዳይ የሚይዝ ባለሙያ ነው። ጠበቃ ለብዙ ደንበኞች ይቆማል፤ ነገረ ፈጁ የሚቆመው ለቀጣሪው ብቻ ነው። ቀጣሪው ባንክ፣ ዩኒየን፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ፋብሪካ ሊሆን ይችላል።

ጎጃም ውስጥ ሕግ አዋቂ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታሰበው ሙግት ነው። በልሃ ልበልሃ ሲሰማ ያደገ አገር ነውና አይፈረድበትም። አንደበተ ርቱዕነት ለነገረ ፈጅም አይጠላም፤ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ሥራ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ የሚቀሩት ጉዳዮች ላይ ነው ያለው። ይህን ደግሞ ማንም አይቆጥርለትም፤ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ «ያልተከሰስንባቸው» የሚል ዓምድ አላየሁም።

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ከገበሬዎች ዩኒየን ስንዴ ሊገዛ ነው እንበል። የግዥ ኃላፊው የአምናውን ውል አንስቶ፣ ቀኑንና ዋጋውን ብቻ ቀይሮ፣ «ዋጋ ሳይጨምር ዛሬውኑ ይፈረም» እያለ ይመጣል። ውሉ «ጥራቱን የጠበቀ ስንዴ» ይላል። ጎበዝ ነገረ ፈጅ እዚህ ላይ ሕግ ከማገላበጡ በፊት መጋዘን ይወርዳል። ንብረት ክፍሉን «ጋሼ፣ እርስዎ የመጣ ስንዴ የሚመልሱት ምን ሲሆን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ እዚያው አለ፦ እርጥበቱ ሲበዛ፣ ነቀዝ ሲገባበት፣ ገለባና ጠጠር ሲቀላቀልበት። ታዲያ እርጥበቱ እስከ ስንት በመቶ ይታለፋል? የሚለካው ዩኒየኑ መጋዘን ሲጫን ነው ወይስ ፋብሪካው በር ላይ ሲራገፍ? የማን ሚዛን ይታመናል? መኪናው ከነጭነቱ ቢመለስ ኪራዩን ማን ይከፍላል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። «ጥራቱን የጠበቀ» ተብሎ ብቻ ከታለፈ ግን ያን ሕግ የሚሞላላቸው ዳኛ ነው፤ እሱም ስንዴው ከተፈጨ በኋላ።

ከግዥ ይልቅ ነገረ ፈጁን እንቅልፍ የሚነሳው የሰው ሀብት ክፍል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ያልፍበታል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጉድለቱ ይታወቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ መስክ ይወጣሉ፣ በዓል ይመጣል። በ35ኛው የሥራ ቀን ፋይሉ «ለሕግ ክፍል፦ አስተያየት ይሰጥበት» ተብሎ ተመርቶ ይደርሳል። ጥፋቱ ቢረጋገጥ እንኳ ስንብቱ ሕገ ወጥ ሊባል ነው። ለዚህ ሰርኩላር መበተን ብዙም አይረዳም። የሚረዳው ከሰው ሀብት ኃላፊዋ ጋር ቡና የሚያጣጣ ቅርበት ነው፤ ጉዳዩ ገና ወሬ እያለ «ኧረ ይህን ስማ» ብላ ትደውልለታለች፣ እሱም ቀኑን መቁጠር ይጀምራል።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ያለው ነገር ይከብዳል። ደመወዙን የሚያጸድቁት፣ ዕድገቱን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ የነገረ ፈጁ ደንበኛ ግን ድርጅቱ እንጂ እሳቸው አይደሉም። «ፈርሜዋለሁ፣ መውጫውን አንተ ፈልግ» ሲባል ምን ይመልሳል? ሁልጊዜ «አይቻልም» የሚል ሰው ትንሽ ቆይቶ ስብሰባ ላይ መጠራቱ ይቀራል፤ ሁልጊዜ «ይቻላል» የሚል ደግሞ ከማኅተም አይለይም። የሚፈለገው «በዚህ መልክ አይሆንም፣ በዚህኛው ይሆናል፣ አደጋው ይህ ነው» የሚል፣ አንቀጽ ያልተደረደረበት፣ የሒሳብ ሠራተኛም የሚረዳው አንድ ገጽ ነው። በጽሑፍ መሆኑ ግድ ነው፤ የቃል ምክር ነገ ማን እንዳለው አይታወቅም።

ከሕግ ትምህርት ቤት ተመርቆ የሚመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሕጉ አይደለም። አዲሱን የንግድ ሕግ፣ ቁጥር 1243/2013ን፣ አንብቦት ይሆናል፤ የሒሳብ መግለጫ ሲሰጡት ግን ዕዳው የቱ ጋ እንደተጻፈ ይጠፋዋል።

ትልቅ ክርክር ሲመጣ ድርጅቱ የውጭ ጠበቃ ይይዛል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተቋቁመው እንዲሠሩ ስለፈቀደ ምርጫው ሰፍቷል። ነገረ ፈጁ ያኔም አያርፍም። የጠበቃውን ክፍያ ይደራደራል፣ አቤቱታው ከመግባቱ በፊት ያነባል፣ የትኛው ሠራተኛ ጥሩ ምስክር እንደሚሆንና የትኛው መስቀለኛ ጥያቄ ሲመጣበት እንደሚደናገር ይነግረዋል። ዋናውን ደረሰኝ ከሒሳብ ክፍል ካዝና የሚያስወጣለትም እሱ ነው፤ ያን ቀን ካዝናው የሚከፈትለት ገንዘብ ያዡ በደህናው ጊዜ ሲያውቀው ነው።