የጌዴኦ የጓሮ ደን፦ እንሰት፣ ቡናና ፍራፍሬ በአንድ ማሳ

የጌዴኦ የጓሮ ደን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን፣ ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ወደ ደጋው በሚወጣው ተዳፋት ላይ የሚገኝ ጥምር የደን እርሻ ነው። እንሰት፣ ቡና፣ የፍራፍሬ ዛፍ፣ አገር በቀል ትልልቅ ዛፎች፣ ጎመንና ሥራ ሥር በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው ይበቅላሉ፤ የአርሶ አደሩ ቤትም እዚያው መካከላቸው ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዲላን አልፎ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ የሚወርድ መንገደኛ ግራ ቀኙን ጥቅጥቅ ያለ ደን አድርጎ ያየዋል። ከዛፎቹ አብዛኞቹ በሰው እጅ የተተከሉ ወይም ራሳቸው በቅለው ሆን ተብሎ የተተዉ ናቸው። ከሥራቸውም በአንዳንድ ወረዳዎች በካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው ይኖራል። ይህን ያህል ሕዝብ በገጠር ይዞ ተራራውን ያላራቆተ አካባቢ በአገራችን ብዙ አይገኝም።

የዞኑ ከፍታ ከ1,300 ሜትር ገደማ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሚደርስ ጓሮው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደጋው፣ ቡሌን በመሰሉ ቦታዎች፣ ብርዱ ለቡና አይመችም፤ እዚያ እንሰት ከዛፍና ከቀርከሃ ጋር ይነግሣል፣ ገብስም ይዘራል። በወይና ደጋው እንሰት፣ ቡናና ዛፍ እኩል ይገናኛሉ፤ የይርጋጨፌ ቡና የሚወጣውም በዋናነት ከዚህ ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ እንሰቱ ይሳሳና ቡና ከአቮካዶ፣ ከማንጎ፣ ከሙዝ፣ ከፓፓያና ከዘይቱን ጋር ቦታውን ይወስዳል። ጥናቶችም ሥርዓቱን በእነዚሁ በሦስቱ ይከፍሉታል።

የማሳው አሠራር ከላይ ወደ ታች ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ቀረሮ፣ ኮርችና የሾላ ዘመዶች ይቆማሉ። ከእነሱ ሥር የእንሰቱ ሰፋፊ ቅጠልና የፍራፍሬ ዛፎች፣ ቀጥሎ ቡናው፣ ከመሬቱ አጠገብ ደግሞ ጎመን፣ ጎደሬ፣ ዱባና ቦሎቄ አለ። ቦዬ ሐረጉን በዛፍ ላይ ይሰድዳል፤ ቀፎም በትልልቆቹ ቅርንጫፍ ይሰቀላል። ብርብራ፣ ሰሳና ኮርች ከጥራጥሬ ወገን በመሆናቸው በሥራቸው ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ያስገባሉ። ዋንዛ ለጣውላው ይፈለጋል፤ አበባው ለንብ፣ ፍሬውም ለልጆች ይሆናል። የብርብራ ፍሬ ደግሞ ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ ማገልገሉ የታወቀ ነው። ኮርች ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ስለሚያቆጠቁጥ አጥርም ጥላም ይሆናል። ከመሰለ ነጋሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በጓሮዎቹ 58 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግቦ 86 በመቶዎቹ አገር በቀል መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ቁጥር የተፈጥሮ ደን ሳይሆን ሰው የሚያርሰው፣ የሚበላበትና የሚሸጥበት መሬት መሆኑን ለሚያስታውስ አንባቢ የሚያስደንቅ ነው።

ተዳፋቱ እጅግ ቁልቁል በመሆኑ በበሬ ማረስ አልተለመደም፤ መሬቱ በእጅ መሣሪያ ብቻ ይሠራል። አረሙ ሲታጨድ አይጠረግም፣ እዚያው ተነጥፎ እንዲበሰብስ ይተዋል። ከላይ የሚረግፈው ቅጠልም ይጨመርበታል። ዝናቡ መጀመሪያ በቅጠል፣ ቀጥሎ በዚህ ንጣፍ ላይ ስለሚያርፍ አፈሩን በቀጥታ አይመታውም። በሌላ አገር እርከን የሚሠራውን ሥራ እዚህ በአብዛኛው ዛፍና ቅጠል ይሠሩታል። ጥላው ሲበዛ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ይመለመላል፣ የተቆረጠውም ለማገዶ፣ ለከብት ወይም ለንጣፍ ይውላል።

የጓሮው ምሰሶ እንሰት ነው። በዘር ሳይሆን በግንዱ ሥር ካለው አምቾ ይባዛል፦ ገና ያልጎለመሰ እንሰት ከአምቾው በላይ ይቆረጣል፣ የመሐሉ የማደጊያ ጫፍ ይወጣል፣ አምቾውም ፍግ በተጨመረበት አፈር ይቀበራል። ከወራት በኋላ በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ከዙሪያው ይወጣሉ። እነዚህ እየተነቀሉ ይተከላሉ፣ እንደ ከፍታውና እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይተው ከማበባቸው በፊት ወይም ሲያብቡ ይቆረጣሉ። ቤቱ አጠገብ የሚተከለውም በምክንያት ነው፤ የከብት ፍግ፣ የቤት ጥራጊና አመድ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

መፋቁ የሴቶች ሥራ ነው፣ ከባድም ነው። ግንዱን የሠራው የቅጠል ልባስ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ አምቾው ይከተከታል፣ ሁሉም ተደባልቆ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ይቦካል። ከዚህ ቆጮ ይገኛል። ሲጨመቅ ከሚወርደው ውኃ የሚዘቅጠው ነጭ ስታርች ቡላ ነው፤ አምቾውም ተቀቅሎ ይበላል። ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉ ለመጠቅለያና ለከብት። በጉድጓድ ያለ ቆጮ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይበላሽ ስለሚቆይ፣ ያልተቆረጠው እንሰትም ከተፈለገ በማንኛውም ወር ስለሚቆረጥ፣ ጓሮው ቆሞ ያለ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አካባቢዎች ከሰሜኑ የተሻለ መቋቋማቸው በስፋት ይነገራል። በአገሪቱ በጠቅላላው በእንሰት የሚተዳደረው ሕዝብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ይገመታል።

ስለ ሥርዓቱ ዕድሜ ብዙ ይባላል። ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 በሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት 5,000 ዓመት የሚለውን አኀዝ ያነሣው በጥያቄ ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጥሩ ያለ ጥያቄው ሲደጋገም ይሰማል። ጥንታዊ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ስንት ዓመት ነው የሚለው ግን ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። በተራራው ጀርባ ስለቆሙት ትክል ድንጋዮች ዕድሜም እንዲሁ የተለያየ ሐሳብ አለ። ቀደም ያሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከመካከለኛው ዘመን ጋር ሲያያይዟቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን ሥፍራ ወደ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. አድርሶታል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ፣ ገበሬውም ገባር ሆነ። ቡናው እየተፈለገ ሲሄድ የመሬት ጥያቄው ከረረ፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የሚችሌ አመፅ በመባል የሚታወቀው የገበሬዎች መነሣሣት ተከሰተ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ።

ጓሮውን ያቆየው እውቀት ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነው። ባሌ በሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ የአስተዳደር ሥርዓት አባ ገዳውና ሽማግሌዎቹ ሶንጎ በተባለው የሸንጎ ሥፍራ ተሰብስበው ይዳኛሉ። ትልቅ ዛፍ የቆረጠ ምትኩን እንዲተክል ይጠበቃል፣ ለአምልኮ የተከለሉት ደኖች ውስጥ ደግሞ መጥረቢያ አይነሣም። አሁን አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ በመሆኑ የእነዚህ ደኖች ሃይማኖታዊ ክብር እንደ ጥንቱ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም ይጠብቋቸዋል።

ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተመዘገበው ከኮንሶ ቀጥሎ በዚህ ዘርፍ ከኢትዮጵያ ሁለተኛው ነው። ምዝገባው የሚገባው፣ እንዲያውም የዘገየ ነበር። ከዚያ 5 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ወሰን በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

የይርጋጨፌ ቡና ስሙ በዓለም ገበያ የራሱ የንግድ ምልክት ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ባደረገችው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። የገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቁሟል። የቡና ዋጋ ሲሞቅ ቡና የእንሰቱን ቦታ ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝ ቤተሰቡን የሚያበላው እንሰቱ ነው። በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች መሬት ባለው ቤት ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

እንሰትን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የመሐሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል። የሚተላለፈውም በቢላ፣ በተበከለ ችግኝና ማሳ ውስጥ በሚገቡ ከብቶች ነው። የሚያድነው መድኃኒት የለም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ መቁረጫውን በእሳት ማቃጠል፣ ከብት ማገድ ነው ያለው። የእንሰት ዓይነቶች በሽታውን የሚቋቋሙበት አቅም ስለሚለያይ በአንድ ጓሮ ብዙ ዓይነት የመትከሉ ልማድ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ፍራፍሬው በአንጻሩ እየሰፋ ነው። አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት የግል አትክልተኞች አማካይነት ሲሆን ዛሬ በጌዴኦ ዝቅተኛ ቦታዎች ቋሚ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ከዘር የበቀለው ለማፍራት ረጅም ዓመት ይፈጃል፤ በሌላ ግንድ ላይ ተጣብቆ የተዳቀለው ግን ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል። ችግሩ ጥላው ነው፦ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለና ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ በመሆኑ እንደ ብርብራ ብርሃን አያሳልፍም፣ ሥሩ ያለ ቡናም ይመነምናል። ስለዚህ በማሳው ዳርና በታችኛው ወገን መትከሉ፣ በየጊዜውም መመልመሉ ይመረጣል። ጫትና ባሕር ዛፍ ግን በየትም ቢተከሉ ከሥራቸው ብዙ ነገር አያበቅሉም፤ በተስፋፉበት ማሳ ድርብርቡ ወደ አንድ ሰብል ይወርዳል።